ያልጠጣሁት ኮሶ

አሽኬሎን ውስጥ አውቶቡስ የሚነዳ ሰው ከተማዋን በመብራትና በፌርማታ ያውቃታል። እኔ ባለፈው ዓመት የማውቃት በሽንት ቤቶቿ ነበር። ከሚግዳል ሰፈር ስነሳ ከገበያው ዓሣ ሻጭ ጀርባ አንድ አለ፤ በሩ ስለማይዘጋ ሰው መኖሩን ለማሳወቅ መዝፈን ግድ ነው። በሌላኛው ጫፍ አፍሪዳር ስደርስ ካፌው ውስጥ ንጹሕ አለ፤ ባለቤቱ ቁልፉን የሚሰጠው ግን ቡና ለገዛ ብቻ ነው። ቡናውን ስጠጣ ደግሞ በሚቀጥለው ዙር ተመልሼ እመጣለሁ። በሁለቱ መሃል ምንም የለም። ያንን መሃል በምን ፍጥነት እንደነዳሁት አልናገርም፤ አሮጊቶቹ ተሳፋሪዎች ግን ይሄ ልጅ ሰዓት ያከብራል እያሉ ይመርቁኝ ነበር።

ተቅማጡ ጀምሮኝ ወራት አልፈዋል። ሱሪዬ ስለሰፋኝ ቀበቶዬ ላይ በምስማር ቀዳዳ ጨመርኩ፤ እሱም አልበቃ ሲል ሌላ ጨመርኩ። ራማት ኤሽኮል ሰፈር አብሬያት የምኖረው እናቴ ይሄን ሁሉ በዓይኗ ትለካለች። እሷ ባበሰለች ቁጥር እኔ ስቀጥን በሙያዋ የመጣባት ነገር መሰላትና ወጡ ላይ ቅቤ ትጨምርልኝ ጀመር። ቅቤው ደግሞ ወዲያው ወደ ዓሣ ሻጩ ይልከኛል።

ምክንያቱን አውቀው ነበር። ኤች አይ ቪ እንዳለብኝ ሐኪም ከነገረኝ ሰንብቷል። እንዴት ያዘህ የሚል አይጠፋም፤ ሰውን በሚይዝበት መንገድ ያዘኝ፣ ከዚህ በላይ ለማንም አልናገርም። ክኒኑን በቫይታሚን ጠርሙስ ውስጥ አድርጌ በየቀኑ እናቴ ፊት እውጠው ነበር። በዚህ ብልሃቴ ስኮራ ቆየሁ። አንድ ጠዋት ጉልበቴን አሞኛል፣ ከዚያ ቫይታሚንህ አንዷን ስጠኝ ብላ እጇን ዘረጋች። እየሮጥኩ ሄጄ እውነተኛ ቫይታሚን ገዛሁላት። እስከ ዛሬ ድረስ ያንን እየዋጠች ጉልበቷ እንደዳነ ትናገራለች።

ክኒኑ ሥራውን ሠርቷል፤ ደሜ ሲመረመር ቫይረሱ የማይታይበት ደረጃ ደርሶ ነበር። ሆዴ ግን ይሄን ወሬ አልሰማም። የአንጀት ሐኪሜ ቀጭን ሴት ናት፣ ቶሎ ቶሎ ነው የምትናገረው፣ ስታስረዳ እጇ ላይ ያገኘችውን ሁሉ ታነሳለች። ያን ቀን ያገኘችው የእጅ ፎጣ ነበር።

የትንሹ አንጀት ውስጠኛ ገጽ እንደ ቱቦ ልሙጥ አይደለም አለችኝ። ልክ እንደዚህ አዲስ ፎጣ ነው፤ በዓይን የማይለዩ ጣት መሳይ ነገሮች ሞልተውበታል፣ ምግቡን የሚመጥጡትም እነሱ ናቸው። ቫይረሱን ሰው ሁሉ ደም ውስጥ የሚኖር ይመስለዋል፤ ዋናው ድግሱ ግን አንጀት ነው። ከውጭ የሚገባው ሁሉ በዚያ ስለሚያልፍ የሰውነት ጠባቂዎች አብዛኞቹ የሰፈሩት እዚያው ግድግዳው ውስጥ ነው። ቫይረሱ ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት፣ ሰውየው ጉንፋን ይዞኛል ብሎ ሻይ በሎሚ ሲጠጣ፣ እነዚያን ጠባቂዎች ይፈጃቸዋል። ጠባቂ ያጣው ግድግዳ ይቆጣል፣ ማፍሰስ ይጀምራል፣ ጣቶቹም እያጠሩ ይሄዳሉ። መድኃኒት ሲጀመር ደሙ ቶሎ ያገግማል፤ አንጀቱ ግን ወደኋላ ይቀራል። ይሄን ብላ ፎጣውን ገልብጣ ልሙጡን ጎኑን አሳየችኝ። እኔም በሹፌር ጭንቅላቴ ገባኝ፤ ወጡ ተሳፍሮ ይመጣል፣ የሚወርድበት ፌርማታ ፈርሷል፣ ስለዚህ እስከ መጨረሻው ጣቢያ ድረስ ይሄዳል።

ከዚያ የሆነ ጥገኛ ተውሳክ አብሮ እንዳለ ለማጣራት ቀጭን ካሜራ በአፌ አስገብታ ከትንሹ አንጀት መግቢያ ቁራጭ ልትወስድ ወሰነች። ቶር፣ ማለትም ቀጠሮ፣ ተያዘልኝ። ከዋዜማው ማታ ጀምሮ ምንም አትቀምስም ተባልኩ።

ካሜራው አላስጨነቀኝም። የጨነቀኝ እራቱ ነበር። አባቴ ከሞተ ወዲህ እኔና እናቴ ከአንድ ሰሃን ነው የምንበላው። ሰሃኑ ሰፊ ነው፣ ዳሩ ተሸራርፏል፣ ሌላ ግዢ ብላት አትሰማም። ከሥራ እስክመለስ እጇን ታጥባ ትጠብቀኛለች፤ የመጀመሪያው ጉርሻ የእኔ ነው፣ ያለጉርሻ እራት ተበላ አይባልም። በሽታው በሰሃንም በጉርሻም እንደማይተላለፍ ሐኪሟ ደጋግማ ነግራኛለች፣ እኔም አውቀዋለሁ። የፈራሁት እናቴ ስትሰማ እጇን ስትሰበስብ ማየትን ነው። ሌሊት ሳይቀር በህልሜ ሰሃኑ ሁለት ሆኖ ይታየኝ ነበር።

ሌላም ነገር ነበር። እኔ ልጅ ሳለሁ እዚህ አገር ከጎንደር የመጡት የእኛ ሰዎች የለገሱት ደም በዚሁ በሽታ ፍርሃት ሳይነገራቸው ሲደፋ መኖሩ ተሰማ። እናቴ ነጠላዋን አጣፍታ ኢየሩሳሌም ድረስ ሄደች፤ ከሕዝቡ ጋር ስትጮኽ ውላ ድምጿ ተዘግቶ ተመለሰች። ስለ ደማችን የጮኸች እናት ልጅ ነኝ። እንግዲህ እኔ በምን አፌ ልንገራት? ሆድ ይፍጀው አልኩ፤ ሆዴም እንዳያችሁት ብዙ መፍጀት አልቻለም።

እራት አልበላም የሚል ልጅ በእናቴ ቤት በሕይወት አይወጣም። ምን እላለሁ ብዬ ስቃጠል ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሰማሁት አንድ ነገር ትዝ አለኝ። በጥንት ጊዜ እንግዳ ማየት ያልፈለገ ሰው ኮሶ ጠጥቻለሁ ያስብል ነበር። ኮሶ የጠጣ ሰው በር አይንኳኳበትም፣ የት ነበርክ አይባልም፣ እህል አይቀርብለትም። ባላባቱም መኳንንቱም ባለዕዳውም በዚህ ተሸሽገዋል። ደግሞ ኮሶ የሚጠጣ ሰው ከማታው ጀምሮ ይጾማል፤ ከምርመራው ጋር ልክ ገጠመልኝ። መሪውን ይዤ ለብቻዬ ሳቅሁ።

ማታውኑ እናቴን ነገ ኮሶ ልጠጣ ነው አልኳት።

እናቴ የያዘችውን ሰሃን አስቀመጠች። ደስ ይላታል፣ የክሳትህ ምክንያት ታወቀ ትላለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ጠቆረ። ከዚያም ጥሬ ሥጋ የት በላህ አለችኝ።

ያኔ ነው የገባኝ። ኮሶ የሚይዘው ጥሬ ሥጋ የበላ ነው። በእኛ በአይሁዶቹ ወገን፣ ጎንደር ከነበሩት አያቶቻችን ጀምሮ፣ ጥሬ ሥጋ ደም ነው ተብሎ አይበላም፤ ጎረቤት ሁሉ ሲቆርጥ የእኛ ሰዎች ከሩቅ ተቀምጠው እሳት ያነዱ ነበር። እናቴ ሱዳንን በእግሯ አቋርጣ የመጣችው ይሄን ሁሉ ጠብቃ ነው። እኔ አንዱን ነውር ልሸፍን ሌላውን በገዛ እጄ ራሴ ላይ ጫንኩ። ከድጡ ወደ ማጡ ማለት ይሄ ነው።

ቶሎ ብዬ ያኔ ጎንደር ለጉብኝት የሄድኩ ጊዜ፣ ሠርግ ላይ፣ ሰው አስገድዶኝ አልኩ። እናቴም ለካ ለዚህ ነው የሄድከው አለች። አገሬን፣ የተወለድኩበትን መንደር፣ የአያቴን መቃብር ለማየት የሄድኩበት ጉዞ በአንድ አፍታ የሥጋ ጉዞ ሆነ።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። ከእኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንድ እትዬ አሉ። ከእኛ ዘግይተው ነው የመጡት፤ ዘመዶቻቸው ጎንደር ሳሉ በክርስትና የኖሩ ናቸው፣ ዛሬ ከእናቴ ቀድመው ምኩራብ የሚደርሱት ግን እሳቸው ናቸው። እናቴ የማታምናቸው ኮሶን ስለሚያውቁ ነበር፤ ያን ማታ ደግሞ የምታምናቸው በዚያው ምክንያት ሆነ። ወጥታ አማከረቻቸው። እትዬ እዚህ አገር ከገቡ ጀምሮ ስለኮሶ የጠየቃቸው ሰው አልነበረም፤ ደስታቸውን መደበቅ አልቻሉም። ከዘመድ የተላከላቸውን ደረቅ የኮሶ አበባ ከቁምሳጥናቸው አውጥተው፣ ወቅጠውና በጥብጠው፣ በኮካ ጠርሙስ ሞልተው ወረዱ። ጠዋት በባዶ ሆድ በአንድ ትንፋሽ እንድጨልጠው፣ እንዳያስመልሰኝም ቀና ብዬ እንድቆም አስረዱኝ። ቁጭ ብለው ሊያዩኝም አሰቡ።

እዚህ ላይ ቶሎ አሰብኩ። ቤታችን ሽንት ቤቱ አንድ ነው፤ አውቶቡሶቹ በሚያድሩበት ያለው የሹፌሮች ማረፊያ ግን ብዙ አለው፤ ስለዚህ ኮሶውን እዚያ ብጠጣ ይሻላል አልኳቸው። ሁለቱ ሴቶች ተያዩ። በሕይወቴ ተናግሬ ያለክርክር የተቀበሉኝ ነገር ይሄ ብቻ ነው።

በማግስቱ ጠርሙሱን ታቅፌ ወደ ምርመራው ሄድኩ። የሚያስተኛ መርፌ ብወጋ አጃቢ ያስፈልገኛል ተብያለሁ፤ አጃቢ ማለት ደግሞ የሚያውቅብኝ ሰው ማለት ነው። ስለዚህ ጉሮሮዬን በሚያደነዝዝ ርጭት ብቻ ገባሁ። ነርሷ ጠርሙሱን አይታ እንዳትጠጣ ተብለሃል እኮ ስትለኝ፣ አትስጊ፣ ይሄን ማንም አይጠጣውም አልኳትና ሽንት ቤት ደፍቼው ተመለስኩ። የፕላስቲክ ቀለበት አስነከሱኝ። ካሜራው ሲወርድ እንደ ግመል ለሃጬን እያዝረበረብኩ የራሴን ውስጥ በስክሪን አየሁት። እውነቱን ለመናገር ቆንጆ አይደለሁም። ሐኪሟ በጣቷ እያመለከተች እዚህ ጋ እንደ ከፋይ መሆን ነበረበት አለች፤ ልሙጥ ብሎ ያብለጨልጫል። ቁራጮቹን ስትወስድ ምንም አልተሰማኝም።

ጉሮሮዬ እንደደነዘዘ ቤት ስገባ ሁለቱም ሳሎን ተቀምጠዋል። አፌ ስለማይታዘዘኝ ንግግሬ ተኮላተፈ። እትዬ ይሄ የደህና ኮሶ ምልክት ነው ብለው ለእናቴ አረጋገጡላት። ከዚያ ወደ እኔ ዞረው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ጠየቁኝ፦

"ራሱ ወጣ ወይ?"

ለማያውቅ ሰው፣ የኮሶ ትል ራሱ ካልወጣ የቀረው ቢወጣ ዋጋ የለውም፤ መልሶ ያድጋል። እኔ አላየሁም አልኳቸው። አላየሁም? እትዬ ደነገጡ። ኮሶ ጠጥቶ ሳያይ የሚነሳ ሰው እድሜያቸውን ሙሉ አላጋጠማቸውም። እንግዲህ ራሱ እዚያው አለ ማለት ነው፣ ሰንብቶ እንደገና መጠጣት አለበት፣ አሁን ደግሞ መጠኑ ይጨመራል ብለው ፈረዱ። ሲወጡም ትከሻዬን መታ አድርገው በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም አሉኝ። እኔም እውነትዎን ነው አልኩ።

ያን ማታ እራት ቀረበ። እናቴ የኖረውን ሰፊ ሰሃን ለራሷ አደረገች። ለእኔ ከሚግዳል ገበያ የገዛችውን ቀይ የፕላስቲክ ሰሃን አስቀመጠችልኝ። ጥሬ ሥጋ ከበላ አፍ ጋር እጇን አትሰድም፤ ራሱ እስኪወጣ፣ እኔም ንስሐ እስክገባ፣ ለየብቻ ነው አለች። ቀዩ ሰሃን መሃሉ ላይ ዶሮ ተስሎበታል፤ የልጆች መሆን አለበት። ጉርሻም የለም። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ደግሞ በገዛ ውሸቴ ጠርቼ አመጣሁት። አለቀስኩ ብል ታፍሩብኛላችሁ፤ በርበሬው ነው አልኳት።

ውጤቱ የመጣ ቀን ሐኪሟ ወረቀቱን እያየች መጀመሪያ የተናገረችው ምንም ትል የለም የሚል ነበር። እንዲህ የሳቀባት በሽተኛ ከዚያ በፊት አላጋጠማትም መሰለኝ፤ ውኃ አመጣችልኝ። ትልም ሌላ ተውሳክም የለም፤ ግድግዳውን ያበላሸው ራሱ ቫይረሱ ነው፣ ጣቶቹ አጥረዋል፣ መድኃኒቱን ሳታቋርጥ ከቆየህ ቀስ ብለው ሊያገግሙ ይችላሉ አለችኝ። እስከዚያው ወተት፣ ቅቤ፣ ቅባትና በርበሬ ተው፤ ሩዝ፣ ድንችና ሙዝ ብላ። ስወጣ በሩ ላይ ቆሜ ለመሆኑ አንድ ሰው ኮሶ ቢጠጣ አልኳት። ምን እንደሆነ ሳስረዳት ቀለሟ ተለወጠ። እንደዚህ ባለ አንጀት ላይ እንዳትሞክረው፣ ይጎዳሃል አለች፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀስ ብላ ተናገረች።

ሩዜን ያለጨው ያለቅባት እየቀቀልኩ በዶሮው ሰሃን መብላት ጀመርኩ። እናቴ ንስሐ የገባሁ መሰላትና ደስ አላት። ቅቤውና በርበሬው ስለቀረ የዓሣ ሻጩን በር ረሳሁት ማለት ይቻላል፤ ተሳፋሪዎቹም እንደድሮው አትፈጥንም ብለው ወቀሱኝ። ስንቅና ውሸት እያደር ይቀላል፤ የእኔም እየቀለለ መሄዱን ያወቅሁት እትዬ አርብ ከሰዓት ሁለተኛውን ኮሶ ይዘው ሲወርዱ ነው። አሁን በጠርሙስ አላመኑኝም፣ በትልቅ ኩባያ ነው ያመጡት። ነገ ሰንበት ነውና ጠዋትን አትጠብቂ፣ ሳይገባ ያጠጪው ብለው ለእናቴ ሰጧትና ሻማቸውን ሊያበሩ ወጡ።

እናቴ ኩባያውን ከቀዩ ሰሃን አጠገብ አስቀመጠችና ፊት ለፊቴ ቆመች። የኮሶው ሽታ ሩዙን አለፈው። ልጠጣው አልችልም፤ የምሄድበት የሹፌሮች ማረፊያም አርብ ማታ ዝግ ነው።

"እማዬ፣ ይሄን አልጠጣም። ኮሶ የለብኝም፤ ኖሮብኝም አያውቅ" አልኳት።

"ታዲያ ምንድነው ያከሳህ?"

ነገርኳት። ስሙን ስጠራ ድምፄ እንደዚያ ቀን ተኮላተፈ። ከዚያ ማቆም አቃተኝ፤ ስለክኒኑ፣ ስለቫይታሚኑ ጠርሙስ፣ ስለካሜራው፣ ስለፎጣው ሁሉ አወራሁ። በሰሃን እንደማይተላለፍ ነገርኳት፣ ደሜ ውስጥ እንኳን አሁን እንደማይታይ ነገርኳት። እሷ ኢየሩሳሌም ሄዳ ድምጿ እስኪዘጋ መጮኋን አንስቼ አሳፈርኩሽ አልኩ። እናቴ ዓይኗን ከኩባያው አላነሳችም። ፍርሃት ይዞኝ እጇን ነበር የማየው።

"ጥሬ ሥጋ አልበላህም?" አለችኝ በመጨረሻ።

"አልበላሁም።"

"ጎንደርም?"

"ጎንደርም። የበላሁት ጥብስ ነው፤ እሱንም መልሰው እንዲጠብሱልኝ አድርጌ።"

እናቴ በረጅሙ ተነፈሰች። ቀዩን ሰሃን አነሳች። ወደ ማእድ ቤት ስትሄድ በቃ፣ አሁን ደግሞ የቤቱን ሁሉ ዕቃ ልትለይብኝ ነው ብዬ ጨርሼ ነበር። ዳሩ የተሸራረፈውን ሰፊ ሰሃን ይዛ ተመለሰች፤ ሩዜን እሱ ላይ ገልብጣዋለች። ባለዶሮው ሰሃን ቆሻሻ መጣያ ውስጥ ሲወድቅ ሰምቻለሁ። ተቀመጠች፣ ሰሃኑን በመሃላችን አደረገችና እጇን ሳትሰድ ተናገረች።

"እኔ የጮኽኩት ደም አይታመምም ብዬ መሰለህ? ሳይነግሩን ስለደፉት ነው። ሳይነግሩን! አንተ ደግሞ ልጄ ሆነህ ሳትነግረኝ ትኖራለህ።"

  ይሄን ብላ ሩዙን በጣቶቿ ጠቅልላ መጀመሪያ ራሷ ቀመሰችው። ፊቷ ኮሶ የቀመሰ መሰለ። ይሄን ነው እንዴ ስትበላ የከረምከው፣ ያለጨው፣ ያለበርበሬ፣ እስር ቤት እንኳ እንዲህ አያበሉም አለች። ከዚያ ሌላ ጠቅልላ ወደ አፌ አመጣችው። አጎረሰችኝ። ቀጥላም ደገመችኝ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብላ። የበላሁት ቅባት የሌለው ሩዝ ነው፣ ጣዕሙን ግን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እሷም እያማረረች ከእኔ ጋር ሰሃኑን ጨረሰችው፤ እስካሁንም ማታ ማታ እንደዚያው እያማረረች አብራኝ ትበላለች።

ያን ማታ ከተነሳን በኋላ ኩባያውን አንስታ የእቃ ማጠቢያው ላይ ደፋችው። ለእትዬ ምን እንበላቸው አልኳት። እናቴ ኩባያውን እያጠበች እውነቱን መንገር የአንተ ነው፣ ስትፈልግ ትነግራቸዋለህ አለችኝ። "እስከዚያው ራሱ ወጣ እላቸዋለሁ።"

በሰንበት ጠዋት ወደ ምኩራብ ስንወርድ እትዬን ደረጃው ላይ አገኘናቸው። እናቴ ጠጋ ብላ በጆሯቸው ነገረቻቸው፤ እሳቸውም እልል አሉ፣ የሕንጻው ሰው ሁሉ ለምን እንደሆነ ሳያውቅ ማዛል ቶቭ፣ እንኳን ደስ አለህ፣ አለኝ።